ሁለት ቧንቧ፣ አንድ አፍ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ረፋድ አራት ሰዓት ከሩብ። አሲድ የጫነ ቦቴ ገባ። ቱቦው ከአሲዱ ታንከር ቧንቧ ጋር መገጠም ሲገባው ከበረኪናው ጋር ተገጠመ። አሲድና በረኪና ሲገናኙ ክሎሪን ይወጣል፤ ይህን ግቢያችን ውስጥ የማያውቅ የለም፣ የምግብ አዳራሹ ወጥ ሠሪ እንኳ ታውቀዋለች። ወጣ። ቢጫም አረንጓዴም የሆነ፣ ከመሬት ከፍ የማይል፣ እንደ ውሃ እየተኛ የሚሄድ ጋዝ።

ነፋሱ ወደ ኋላው አጥር ይነፍስ ነበር። ማሸጊያ ክፍሉ ከፊት ነው። እዚያ አርባ አንድ ሰው ነበር።

ዘጠኝ ሰው ተጎዳ። ስምንቱ ክሊኒክ ታይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አራጋፊው ጋሽ ቀስበል ሆስፒታል ተኝተዋል። የሞተ የለም።

የፋብሪካው የደህንነት ክፍል ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ይህንኑ ነገ በፎርም እጽፈዋለሁ። ይህ ደብተር ግን የግሌ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ማራገፊያውን ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ።

ከግድግዳው ሁለት ቧንቧ ይወጣል። የግራው ወደ በረኪናው ታንከር፣ የቀኙ ወደ አሲዱ ይሄዳል። ውፍረታቸው እኩል ነው። አፋቸውም አንድ ዓይነት፤ የቦቴው ቱቦ ሁለቱም ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። በላያቸው ስማቸው ተጽፎ ነበር፤ ቀለሙ ተበልቶ ከግራው «ና»፣ ከቀኙ «አ» ብቻ ቀርቷል። ክዳናቸው በጓጉንቸር ይቆለፋል። ሁለቱንም ጓጉንቸር የሚከፍተው ግን አንድ ቁልፍ ነው።

በመካከላቸው ሃምሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ሜትሩን ከማንበቤ በፊት ቁጥሩ አፌ ላይ ነበር። ደክሞኝ ይሆናል።

የበር ጥበቃው ያየውን ነገረኝ። «ሾፌሩ ሽታው እንደመጣ እግሬ አውጪኝ አለ። ጋሽ ቀስበልም መጀመሪያ ሮጠዋል፣ አልዋሽም። ከዚያ ዞር ብለው ማሸጊያ ክፍሉን አዩና ሸሚዛቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመለሱ። ቫልቩን የዘጉት እሳቸው ናቸው።» ከጀመረ እስከተዘጋ አራት ደቂቃ። ቦቴው ሙሉ ነበር። ባይዘጉት ሌላ ግማሽ ሰዓት ይፈስ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ስብሰባ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለሪፖርቱ ሃያ ቀን ሰጡኝ። እስከዚያ አሲድ መቀበል ክልክል ነው። ስለዚህ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃው መስመር ቆሟል፤ ስለዚህ የምርት ክፍል ኃላፊው ሃያ ቀኑን እንደ ሃያ ዓመት ነው የሚያየው።

«ምን ሃያ ቀን ያስፈልገዋል?» አለ። «አራጋፊው ቸኮለ፣ የተሳሳተ ቧንቧ ከፈተ። የሰው ስህተት ነው። ማስጠንቀቂያ ይጻፍ፣ ሥልጠና ይሰጥ፣ አለቀ።»

«ቀስበል ቸኮለ ብለን ነው የምንጽፈው?» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ቀስበል የተባሉት የሚያጣድፋቸውን ሾፌር ሁሉ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ» ስለሚሉ ነው፤ የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ተከተለኝ። «እህቴ፣ ያ የአምናው ወረቀት ፋይል ውስጥ አለ እንዴ?»

«የቱ ወረቀት?»

ፈገግ አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ አየዋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ፋይል ክፍል አልሄድኩም። የስምንቱን ተጎጂዎች ቃል ስቀበል ዋልኩ። ሁሉም ስለ ሽታው ነው የሚያወሩት።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ሆስፒታል። ጋሽ ቀስበል ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም፣ እንደተሰነጠቀ ሸምበቆ ነው። ባለቤታቸው አጠገባቸው የሰው ሱሪ ይዘመዝማሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሥራቸውን ይዘው ነው የመጡት።

ደብተሬን ሳወጣ ጋሽ ቀስበል ቀደሙኝ።

«ብዙ አታድክሚው። እጄ ነው የሠራው። የግራውን ከፈትኩ፣ ቀኝ መስሎኝ። ጻፊው።»

«ረዳትዎ የት ነበር?»

«የምን ረዳት። ከጥር ጀምሮ ብቻዬን አይደለሁም እንዴ?»

እውነት ነው። ሠራተኛ ሲቀነስ ሁለተኛው አራጋፊ ወደ ማሸጊያ ተዛወረ። የዝውውሩ ወረቀት ላይ ደህንነት ክፍልም ፈርሟል።

«ሾፌሩስ አጣድፎዎት ነበር?»

«ሁልጊዜ ያጣድፋሉ። ጆሮዬን ሰጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሌሊቱን ሠርቼ፣ የጠዋት ተረኛው ስለቀረ በዚያው ቀጥዬ ነበር። ዓይኔ ይርገበገብ ነበር። ቢሆንም እጄ ነው።»

ባለቤታቸው ክራቸውን በጥርሳቸው በጥሰው፣ «ይኸው ለዶክተሩም ለጎረቤቱም እንዲህ ነው የሚለው። ንስሐ ይመስል» አሉ። ከዚያ እኔን ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ ነሽ ኢንጂነሯ? አምና ስለ አንቺ አውርቶልኝ ነበር።»

«ምን ብለው?»

«ተይው እንግዲህ» አሉ ጋሽ ቀስበል።

ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም። የጉብኝት ሰዓቱም አልቆ ነበር። እውነቱን ለመናገር አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

የምርት ኃላፊው ሁለት ጊዜ ደወለ። ዝናቡ ጀመረ። የማራገፊያው ቦይ በደለል ተደፍኗል፤ ለጥገና ጻፍኩ። ወደ ፋይል ክፍል የሚወስደውን ደረጃ ወጥቼ፣ በሩ ጋ ስደርስ ስልክ ጮኸ። ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

በምሳ ሰዓት ብቻዬን። ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረውን ዘዴ ራሴ ላይ ሞከርኩት፦ «ለምን» እያሉ መልስ እስኪያጡ መጠየቅ።

ጋዙ ለምን ወጣ? አሲዱ በረኪናው ውስጥ ስለገባ። ለምን ገባ? ቱቦው ግራ ላይ ስለተገጠመ። ለምን ግራ ላይ ተገጠመ? አሥራ አራት ሰዓት የሠራ ሰው ብቻውን ስለነበረና ጽሑፉ ስለጠፋ። ደህና። ሰው ሲደክምና ጽሑፍ ሲጠፋ አዲስ ነገር አይደለም፤ ታዲያ ደክሞት ሲሳሳት ቱቦው እምቢ ያላለው ለምንድነው? የሁለቱ ቧንቧ አፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ። አንድ ዓይነት የሆነው ለምንድነው?

እዚህ ላይ ደብተሩን ዘግቼ ምሳዬን በላሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 18

አባዬ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤ መጀመሪያ የእርሳስ ፊደል ለቃሚ፣ በኋላ አራሚ። ዛሬም ጋዜጣ የሚያነበው እስክሪብቶ ይዞ ነው። ሁለቱን ቧንቧ ወረቀት ላይ ስዬ አሳየሁት።

«ይሄማ የእኛ ‹ለ› እና ‹ሰ› ነው» አለ። «ሁለቱ ፊደል የሚቀመጡበት ሳጥን ጎን ለጎን ነበር። ሁለቱም ባለ ሁለት እግር፤ በተገላቢጦሽ ሲታዩ ደግሞ የባሰ። አንድ ጊዜ ‹ዳይሬክተሩ ለሠራተኛው አሰቡ› ማለት ሲገባን ‹ለሠራተኛው አለቡ› ብለን አተምን።»

ሳቅሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከልቤ የሳቅሁት ይህን ብቻ ነው።

«ለቃሚው ተባረረ?»

«ሦስት ቀን ከደመወዙ ተቆረጠ። በወሩ ሌላው ለቃሚ ያንኑ ስህተት ደገመው። ከዚያ አለቃችን ሳጥኖቹን አራራቃቸው። አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች። ቀረ።»

«መጀመሪያውኑ ለምን አላራራቃቸውም?»

«ማን ይነግረዋል? የሚያውቀው ሰው ለቃሚ ነው፣ ለቃሚን ማን ይሰማል። ወይ ደግሞ የነገረው ሰው ነበረና ዝም አለ። አላውቅም፣ ልጄ። ቆይቷል።»

ጠረጴዛውን አንስቼ ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውንም ደገምኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 21

ጋሽ ቀስበል ከሆስፒታል ወጡ። ሳንባቸው ሙሉ በሙሉ አይመለስም ይላል ሐኪሙ፤ ጋዝ ያለበት ቦታ ላይ ከእንግዲህ አይሠሩም። ኃላፊው ሲሰማ «እንኳን ለዚህ አበቃቸው» አለ። ከልቡ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የምጽፈው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዓርብ፣ ግንቦት 23

አየሁት። ከሁለተኛው መሳቢያ፣ አረንጓዴው ፋይል። የአምና ሰኔ።

«በማራገፊያው ያሉት ሁለት ቧንቧዎች ርቀት 58 ሳ.ሜ.፤ አፋቸው ተመሳሳይ፤ ቱቦ ቢቀያየር ክሎሪን ይፈጠራል። የስጋት ደረጃ፦ ከፍተኛ። አንዱ ሌላው ላይ በማይገባ መጋጠሚያ በአስቸኳይ ይለወጥ።» የእኔ እጅ ጽሑፍ። «ከፍተኛ» የሚለው በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከላዩ «ዝቅተኛ» ተብሏል። «በአስቸኳይ» ተሰርዞ «በዓመታዊው እድሳት ጊዜ» ሆኗል። ይህም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። የምርት ኃላፊው ቢሮዬ መጣ። አላስፈራራኝም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ሥራው ሁለት ቀን ማቆም ይፈልጋል፣ አሁን አልችልም፣ ለእድሳቱ እናቆየው አለ። «ሌሎቹ የደህንነት ሰዎች ‹አይቻልም› እንጂ ሌላ ቃል አያውቁም። አንቺ ግን ሥራ ይገባሻል» አለኝ። ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ አሁንም ትዝ ይለኛል። እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዚያ እድሳቱ ራሱ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። እኔም አልጠየቅሁም።

ፋይሉን ወደ ቦታው መለስኩት። ቀጥ አድርጌ።

እሑድ፣ ግንቦት 25

የሪፖርቱ ረቂቅ አለቀ። አሥራ አንድ ገጽ። አባዬ ፊደል እንዲያርምልኝ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ እስክሪብቶውን ይዞ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። የፊደል ስህተት ሦስት ብቻ አገኘ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ግን ብዙ ቆየ።

«ይሄን አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «የመጋጠሚያው ጉዳይ ባለፈው ዓመት ታይቶ፣ ዝቅተኛ ስጋት ተብሎ ተመድቦ፣ ወደ ዓመታዊው እድሳት ተላልፏል።»

«ሌላው ቦታ ላይ ‹አራጋፊው ከፈተ፣ አራጋፊው ገጠመ› ይላል። እዚህ ላይ ግን ግሡ ሁሉ ባለቤት የለውም። ማን አየው? ማን መደበው? ማን አስተላለፈው?»

«የሪፖርት አጻጻፍ እንደዚህ ነው፣ አባዬ።»

«እሺ።» መነጽሩን አወለቀ። «እኔ አራሚ ነኝ፤ ሐሳብ አልነካም። ባለቤቱ የጠፋ ግሥ ሳይ ግን በኅዳጉ ላይ ምልክት ማድረግ ልማዴ ነው።»

አድርጓል። ሦስት ትንንሽ የጥያቄ ምልክት፣ በቀይ። ከዚያ ዜና ከፈተ።

ሰኞ፣ ግንቦት 26

ከሥራ ወጥቼ ጋሽ ቀስበል ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክፍሉ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናው ይንጫጫል። ስደርስ ሊነሱ ሞከሩ፣ ከለከልኳቸው።

ነገርኳቸው። እንዳለ፣ ሳላሳምር። ለክቼ፣ «ከፍተኛ» ብዬ ጽፌ፣ መልሼ እንደሰረዝኩት። ለመናገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ጋሽ ቀስበል እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ስትለኪ የሜትሩን ጫፍ ማን የያዘልሽ ይመስልሻል?» አሉ።

ወረቀቱ ላይ የያዘ ሰው ስም የለም። ለማስታወስ ሞከርኩ። የቆሸሸ ጓንት ታየኝ፤ ከጓንቱ በላይ ያለው ፊት አልመጣልኝም።

«እርስዎ ነበሩ።»

«እኔ ነበርኩ። ‹ይሄ ነገር አንድ ቀን ሰው ይፈጃል፣ ግን አስለውጠዋለሁ› አልሽኝ። ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። አንዲት ልጅ መጥታለች፣ የሚገባት ልጅ ነች አልኳት።»

የስፌት መኪናው ቆሞ ነበር። መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም።

«ታዲያ ሆስፒታል ስመጣ ለምን አልነገሩኝም? ለአለቆቹስ ለምን አልተናገሩም?»

«መች ረሳሽውና? የማይረሳን ሰው ማስታወስ ስድብ ነው።» ሳል ያዛቸው፤ እስኪለቃቸው ጠበቅሁ። «ደግሞም እጄ መሆኑ አይቀርም። እኔ የራሴን ተናገርኩ። የሌላውን ሌላው ይናገር ብዬ ነው።»

ባለቤታቸው ውሃ ይዘው ወጡ። ለእሳቸው ሰጡ። ለእኔ አልሰጡኝም። ልሄድ ስነሳ ግን እስከ በሩ ሸኙኝና፣ «ደረጃው ያንሸራትታል፣ ቀስ በይ» አሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 28

ሪፖርቱን አስገባሁ። ሰባተኛው ገጽ ተለውጧል። «የደህንነት ክፍል ኃላፊዋ፣ ማለትም የዚህ ሪፖርት ጸሐፊ፣ ለካች፤ ከፍተኛ ብላ መደበች፤ የምርት ክፍል ኃላፊው በጠየቀው መሠረት ወደ ዝቅተኛ ቀየረች።» የአምናውን ወረቀት ኮፒ አያይዣለሁ። ለሁለተኛው አራጋፊ ዝውውር የፈረምኩትንም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ስብሰባ። ሁሉም አንብበው መጥተዋል፤ ሰላምታቸው ያስታውቃል።

የምርት ኃላፊው፣ «እኔ ጠየቅሁ እንጂ አላዘዝኩም» አለ።

«ልክ ነው» አልኩ። «የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ገጾቹን ወደፊትና ወደኋላ አገላበጡ። «ይህን እያወቅሽ አንድ ዓመት ተቀመጥሽ?» አሉ።

«አዎ።»

«ሥራውን ለመሥራት ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ወደ ጥገና ኃላፊው ዞሩ። እሱም ለበያጁ ደወለ። በያጁ በስልክ፣ «መጋጠሚያው ከመጣልኝ ከጠዋት እስከ ምሳ» አለ።

ማንም ማንንም አላየም። ሁለት ቀን ይፈጃል ሲባል አምና በያጁን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ደብዳቤ ደረሰኝ። ከኃላፊነት ተነስቼ የፈረቃ ደህንነት ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ። የምርት ኃላፊው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ስልኩን ያወጣል። ጋሽ ቀስበል ላይ የሚወሰድ እርምጃ የለም፤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረዋል፣ ወንበር ያለው ሥራ ነው። ሁለተኛው አራጋፊ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አባዬ ደብዳቤውን አነበበ። «‹ሐላፊነት› ብለው ጻፉት» አለ፣ አረመውና መለሰልኝ። እራት ላይ ያለወትሮው የእኔን ሳህን እሱ አነሳ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

በያጁ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመረ፣ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ጨረሰ። የበረኪናው አፍ አሁን ሰፊና ባለ ጥርስ ነው፤ የአሲዱ ጠባብ። ለየብቻ ጓጉንቸር፣ ለየብቻ ቁልፍ። ስማቸው በብረት ተቆርጦ ተበይዷል። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ለዚህች ነው እንዴ ያ ሁሉ ስብሰባ?» አለኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ዝናብ። ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያው የአሲድ ቦቴ ገባ።

ፈረቃዬ ነበር። አራጋፊዎቹ ጓንትና ማስክ ለማድረግ ገብተዋል፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ከጣሪያው ሥር፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። ሾፌሩ አዲስ ነው። ዝናቡ ላይ መቆም አልፈለገምና ሳይጠብቃቸው ቱቦውን ጎትቶ መጣ። የግራው ክዳን ክፍት ነበር። ጠዋት በረኪና ያራገፉት ተረኞች ሳይቆልፉት ሄደዋል።

ቱቦውን የግራው አፍ ላይ ደቀነው።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣልኝም። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው፤ አሥር እርምጃ ነበር፣ እግሬም አልተነሳም።

አልገባለትም። አዞረው። በመዳፉ መታው። ጎንበስ ብሎ አየው፣ ተሳደበ፣ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ቀና ሲል አየኝ።

«ምነው ይሄ ነገራችሁ እምቢ አለኝ?»

«የእሱ አይደለም» አልኩ። ያኔ ነው ድምፄ የመጣው። «የአንተ በቀኝ ያለው ነው። እሱንም አራጋፊዎቹ ናቸው የሚከፍቱት፤ አንተ አትነካውም።»

«ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም ነበር?» አለ፤ ቱቦውን መሬት ላይ ጥሎ ወደ መኪናው ገባ፣ ከዝናቡ ለመሸሽ። ለእሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ሄጄ የግራውን ክዳን ዘጋሁ፣ ቆለፍኩ፣ ሰዓቱን መዘገብኩ። አራጋፊዎቹ ወጥተው ቀኙን ከፈቱ፣ ገጠሙ፣ ፓምፑ ተነሳ። ባዶ ጀሪካን ገልብጬ ከጣሪያው ሥር ተቀመጥኩ። ማራገፉ አርባ ደቂቃ ፈጀ። አንዱ አራጋፊ «ታመሽ ነው?» አለኝ፤ አይደለም አልኩት። ፓምፑ እስኪቆም ድረስ ግን መነሳት አልቻልኩም።